ዕድር በስልክ ይሆናልን?

በየሠፈሩ ጎሕ ሲቀድ የሚሰማው የጥሩምባ ድምፅ ምን ማለት እንደ ሆነ ለአዲስ አበባ ሰው ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ጥሩምባው ሲነፋ አንድ ጎረቤት ማረፉ ይታወቃል። የዕድሩ ዳኛ ማን እንደ ሞተና ቀብሩ በየትኛው ደብር እንደሚፈጸም ያስነግራል፤ ጎበዛዝቱ ድንኳኑን ተሸክመው ይደርሳሉ፤ ሴቶቹ ድስቱንና ሰታቴውን ያወጣሉ፤ ረፋድ ሳይሆን የልቅሶው ቤት አግዳሚ ወንበር ተደርድሮለት፣ ውሃ ተቀድቶለት፣ ንፍሮ ተቀቅሎለት ይገኛል። ለዚህ ሁሉ ሐዘንተኛው አንዲት ቃል አይናገርም። በየወሩ ያዋጣት ጥቂት ብርና በሌላው ሰው ልቅሶ ላይ ያዋለው ጉልበት ቀድመው ደርሰውለታልና።

ይህን ያህል ዘመን የጸናውን ሥርዓት የኮሮና ወረርሽኝ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አናጋው። ዕድሩም፣ ማኅበሩም፣ ሰንበቴውም፣ ድኾችንና አረጋውያንን የሚረዱት በጎ አድራጎት ማኅበራትም ሥራቸውን ወደ ስልክና ወደ ኢንተርኔት ለማዛወር ተገደዱ። የዓለም ጤና ድርጅት ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. በሽታው ዓለም አቀፍ የጤና አደጋ መሆኑ ማብቃቱን አስታውቋል። በሽታው ያመጣው ልማድ ግን ከበሽታው ጋር አልሄደም። እንዲያውም ዛሬ በብዙ ዕድሮች ስብሰባ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ ይኸውም «መዋጮው በስልክ የሚከፈል፣ ሞቱም በስልክ የሚነገር ከሆነ ዘንድ፣ በየወሩ እሑድ እሑድ መሰብሰባችን ምን ይጠቅማል?» የሚል ነው።

ጥያቄው ተራ ጥያቄ አይደለም። ብዙዎቹ ጠያቂዎችም በዕድሜ የእኔ እኩዮች ስለ ሆኑ፣ በዛሬው ጽሑፌ ነገሩን ከሥሩ አንሥቼ ልመረምረው አስቤአለሁ።

ለማስታወስ ያህል፣ የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በአገራችን መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ታዘዘ። መጋቢት 30 ቀን ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በማስፈጸሚያውም ደንብ ከአራት ሰው በላይ ሆኖ መሰብሰብ፣ እጅ ለእጅ ተያይዞ ሰላም መባባልም ተከለከለ። ሚያዝያ 11 ቀን የዋለውን የትንሣኤን በዓል ምእመናኑ በየቤታቸው አከበሩ፤ ከጥቂት ቀን በኋላ የገባው የረመዳን ጾምም እንደዚሁ በየቤቱ ተጾመ። የሃይማኖት አባቶች ጸሎት በቴሌቪዥን ይተላለፍ ጀመር። ስለ ሕዝብ ጤና የተደረገ ክልከላ ነበርና ተገቢነቱን አንጠራጠርም። ነገር ግን አራት ሰው ብቻ የሚገኝበት ልቅሶ ለኢትዮጵያዊ ምን ያህል መራራ እንደ ሆነ፣ በዚያ ወራት ዘመድ የሞተበት ሁሉ ያውቀዋል።

በሌላ በኩል ደግሞ የገንዘቡ ጉዳይ ነበር። በአገራችን የሚገኙ የበጎ አድራጎት ማኅበራት ገንዘብ የሚያገኙበት መንገድ ከጥንት ጀምሮ ሰውን በአንድ ቦታ መሰብሰብ ነው። ባዛር ይዘጋጃል፤ የእራት ግብዣ ይደረጋል፤ ሥዕል በጨረታ ይሸጣል፤ ለሩጫና ለእግር ጉዞ ካናቴራ ይሸጣል። በየአረጋውያን መጦሪያው ልደቱን፣ ሠርጉን፣ የሙት ዓመቱን ከጧሪ አልባዎቹ ጋር ለማሳለፍ ምግብ አሠርቶ የሚመጣው ሰው ብዙ ነው። መሰብሰብ ሲከለከል እነዚህ ሁሉ በአንድ ቀን ቆሙ። የችግረኛው ቁጥር ግን በዚያው ልክ ጨመረ። የቀን ሠራተኛው ሥራ አጣ፤ የሊስትሮው ልጅ ደንበኛ አጣ፤ ጉሊት የምትሸጠው እናት ገበያዋ ቀዘቀዘ። ስለዚህ ርዳታ ሰጪው ከቤቱ ሳይወጣ የሚሰጥበት፣ ተቀባዩም ሳይጋፋ የሚቀበልበት መንገድ መፈለግ ግድ ሆነ።

እንዲህ ያለ መከራ በአገራችን የመጀመሪያ አይደለም። አባቶቻችን የኅዳር በሽታ እያሉ የሚጠሩት፣ በኅዳር ወር 1911 ዓ.ም. የበረታው ኢንፍሉዌንዛ በአዲስ አበባ ብቻ 10,000 ያህል ሰው እንደ ፈጀ ይገመታል። በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኮንን እንኳ ታመው ነበር። ቀባሪ እስኪታጣ ድረስ ሕዝብ አለቀ። ኅዳር 12 ቀን በየደጁ ቆሻሻ ሰብስቦ የማጠኑ ልማድም ከዚያ መቅሠፍት ጋር የተያያዘ መሆኑ ይነገራል። ያን ጊዜ ጎረቤቱን ለመርዳት የፈለገ ሰው የበሽተኛውን ደጃፍ ከመርገጥ በቀር ሌላ መንገድ አልነበረውም፤ የረገጠውም ብዙ ጊዜ ተከትሎ ይወድቅ ነበር። የ2012 ዓ.ም. ሰው ግን በኪሱ ስልክ ነበረው። ይህን ልዩነት አቃልሎ ማየት ውለታ ቢስነት ይሆናል።

ዕድርም ቢሆን እንደ ቆመ ድንጋይ ሳይለወጥ የኖረ አይደለም። ሥራው በመጀመሪያ ሙት መቅበርና ሐዘንተኛ ማጽናናት ነበር። በ1990ዎቹ ዓመታት ኤች አይ ቪ ኤድስ በየቤቱ በገባ ጊዜ ግን ብዙ ዕድሮች «ሰው ከሞተ በኋላ ብቻ የምንደርስለት ለምንድን ነው?» ብለው ደንባቸውን አሻሻሉ፤ ሕመምተኛ በሕይወቱ ሳለ ያስታምሙ፣ ወላጆቻቸው የሞቱባቸውን ሕፃናት ያሳድጉ ጀመር። እንግዲህ ዕድር ለጊዜው ችግር መልስ ለመስጠት ሲል ራሱን መለወጥ እንደሚችል ታሪኩ ይመሰክራል። ጥያቄው ምኑን ይለውጥ፣ ምኑንስ ይያዝ የሚለው ነው።

አሁን ስልኩ ያደረገውን በጎ ነገር እንመልከት።

በወረርሽኙ መጀመሪያ ላይ በባንክ ሒሳብ ገንዘብ ማስተላለፍና እንደ ሲቢኢ ብርና ሄሎካሽ ያሉት የስልክ ገንዘብ አገልግሎቶች ቀድሞ የነበሩ ናቸው፤ የሚጠቀምባቸው ሰው ግን ብዙ አልነበረም። ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን አወጣ። የዚህ አገልግሎት ትልቁ ጥቅም ኢንተርኔት የሌለው ተራ ስልክ የያዘ ሰው እንኳ ጥቂት ቁጥሮችን ተጭኖ ገንዘብ መላክ መቻሉ ነው። በአጭር የጽሑፍ መልእክት ጥቂት ብር ከስልክ ሒሳብ ላይ እንዲቀነስ እየፈቀዱ መለገስም የተለመደ ሆነ። በዚህ መንገድ ባለ ብዙ ሀብቱ ብቻ ሳይሆን ደመወዙ ከወር ወር የማያደርሰው ሰውም ለጋሽ ለመሆን በቃ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለው ተረት በስልክ ላይ ሲፈጸም አየን።

ደግሞም በስልክ የተላከ ገንዘብ ዱካ አለው። ማን፣ መቼ፣ ስንት እንደ ላከ ይታወቃል። በድሮው መዝገብ ላይ «ከፍያለሁ»፣ «አልከፈልክም» እየተባለ ስንት ጎረቤት እንደ ተቀያየመ የሚያውቁ የዕድር ጸሐፊዎች፣ ይህን ዓይነቱን ማስረጃ የሚጠሉት አይመስለኝም።

በውጭ አገር ለሚኖረው ወገናችንም ስልኩ መንገድ ከፍቶለታል። በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ በቀን አንድ ዶላር እንዲለግስ ጥሪ የቀረበለት ወገን፣ ይህን ልግስና የሚያስተባብር የዲያስፖራ አደራ ፈንድ ተቋቁሞለት በኢንተርኔት ይሰጥ ጀምሮ ነበርና፣ ወረርሽኙ ሲመጣ ለመዱ አልተቸገረም። ጎፈንድሚ የተባለው የኢንተርኔት መዋጮ መሰብሰቢያም በሰፊው ሠርቷል። ነገር ግን አሠራሩን ማወቅ ይገባል። ይህ ድርጅት የተሰበሰበውን ገንዘብ የሚከፍለው በተወሰኑ አገሮች ለሚገኝ የባንክ ሒሳብ ብቻ ሲሆን፣ ኢትዮጵያ ከእነዚህ አገሮች አንዷ አይደለችም። ስለዚህ በአዲስ አበባ ያለ ማኅበር መዋጮውን በቀጥታ ሊከፍተው አይችልም፤ በዋሽንግተን ወይም በሎንዶን የሚኖር አንድ ሰው በስሙ ከፍቶ፣ ገንዘቡን በራሱ ሒሳብ ተቀብሎ፣ ቀጥሎ ወደዚህ መላክ አለበት። ዘመናዊ መስሎ የሚታየው መንገድ እንግዲህ መጨረሻው ያው የጥንቱ ነው፤ በአንድ ሰው ታማኝነት ላይ ያርፋል።

ስልክና ኢንተርኔት ምን ያህል ሊያደርጉ እንደሚችሉ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳየው የቤይሩት እኅቶቻችን ታሪክ ነው። በሊባኖስ ወረርሽኙና የኢኮኖሚ ውድቀቱ በአንድነት ሲመጡ፣ ደመወዝ መክፈል ያቃታቸውም ያልፈለጉም አሠሪዎች በግንቦት መጨረሻና በሰኔ 2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞችን ከነሻንጣቸው በኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ እየጣሉ ሄዱ። ሐምሌ 28 ቀን ደግሞ የቤይሩት ወደብ ፍንዳታ ከተማዋን አወደመ። በዚህ ጊዜ «እኛ ለእኛ በስደት» የተባለው፣ በ2009 ዓ.ም. ገደማ በራሳቸው በቤት ሠራተኞቹ የተቋቋመ ማኅበር፣ በኢንተርኔት ለዓለም ጥሪ አቀረበ። በተሰበሰበው ገንዘብ ለተራቡት ምግብ ገዝቶ አከፋፈለ፤ የቤት ኪራይ ከፈለ፤ ወደ አገራቸው መመለስ የፈለጉትን አሳፈረ። ቢሮ የሌላቸው፣ በሚሠሩበት አገር ሕግ ማኅበር ለማቋቋም መብት የተነፈጉ፣ ብዙዎቹም ፓስፖርታቸው በአሠሪ እጅ የተያዘባቸው ሴቶች ያደረጉት ነው። ስልኩ ባይኖር የእነርሱን ድምፅ ማን ይሰማ ነበር?

ይሁን እንጂ በዚህ ታሪክ ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ። ገንዘቡ በኢንተርኔት መጣ እንጂ፣ ዱቄቱንና ዘይቱን ተሸክመው በየደረጃው የወጡት፣ የትኛዋ ሴት በየትኛው ክፍል ውስጥ ተዘግቶባት እንዳለች ያወቁት፣ እዚያው ከተማ ውስጥ የነበሩት ሴቶች ናቸው። ኢንተርኔቱ የሩቁን ሰው አቀረበ፤ የቅርቡን ሰው ግን አልተካም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የተባለው ዛሬም እንደ ተባለ ነው።

እንግዲህ ስልኩ ያላደረገውን ደግሞ እናንሣ።

በ2012 ዓ.ም. ከሕዝባችን የሚበዛው ኢንተርኔት አልነበረውም፤ ግማሽ ያህሉም መብራት አላገኘም ነበር። ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ እኔ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። የከፋይ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ትምህርታቸው በቴሌግራም ይመጣላቸው ነበር፤ ሌላው በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዲከታተል ተደረገ። በጎረቤታችን አንዲት ልጅ ነበረች። ቤታቸው ያለው ስልክ አንድ ሲሆን፣ እርሱም የአባቷ ነው፤ አባቷ ሹፌር ስለ ሆነ ይዞት ይወጣል። ማታ ሁለት ሰዓት ሲመለስ ከእኔ ወደ አባቷ ስልክ የላክሁላትን ትምህርት በደብተር ትገለብጥ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ይሰጥ የነበረው ፈተና ተላልፎ በየካቲት መጨረሻ 2013 ዓ.ም. ሲሰጥ፣ እርስዋም እኔም ተፈተንን። ወረቀቱ ለሁለታችንም አንድ ነበር፤ ዝግጅታችን ግን አንድ ነበር ለማለት አልደፍርም።

ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላው አገሪቱ ተቋርጦ ሦስት ሳምንት ያህል ቆየ። መደወል ግን ይቻል ነበር። በዚያ ሰሞን ሥራውን ሁሉ በኢንተርኔት ላይ የጣለ ማኅበር እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ፤ የችግረኞቹን ስምና የስልክ ቁጥር በወረቀት ይዞ የነበረው ግን እየደወለ ሥራውን ቀጠለ። መዝገቡን በአንድ ቦታ ብቻ የሚያስቀምጥ ሰው ይህን ትምህርት ሊረሳው አይገባም።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ሌላ ነው። በእኛ ሠፈር ከሰባ ዓመት በላይ የሆናቸው፣ ዓይናቸውም የደከመ አንዲት እናት አሉ። ዕድራቸው መዋጮውን በስልክ፣ የሞት መርዶውን በቴሌግራም ካደረገ ሰንብቷል። የእርሳቸውን ወርኃዊ ክፍያ ልጃቸው ከዱባይ ይልክላቸዋል። ባለፈው ዓመት አብረዋቸው ወጥ ሲያማስሉ፣ አብረዋቸው ሲያለቅሱ የኖሩ ባልንጀራቸው ከሦስት ቤት ማዶ አረፉ። መርዶው በቴሌግራም ተጻፈ፤ ሰው ሁሉ አነበበ፤ ቀብሩም ተፈጸመ። እኚህ እናት የሰሙት በአራተኛው ቀን ነው። እናቴ ልትጠይቃቸው በሄደች ጊዜ አብሬ ነበርሁ። «ገንዘቤንማ በየወሩ ይቀበላሉ፤ አንድም ቀን ጎድሎባቸው አያውቅም» አሉ እማማ። «እኔ ነኝ እንጂ የጎደልሁት። ባልንጀራዬን ሳልቀብራት ቀረሁ፤ እንግዲህ እኔንስ ማን ይቀብረኛል?»

ይህ ቃል የጥያቄያችን ቁልፍ ይመስለኛል። በመዝገቡ ላይ እኚህ እናት ውዝፍ የሌለባቸው ዕድርተኛ ናቸው። ዕድሩም ደንቡን አልጣሰም፤ መርዶውን በጊዜው አስታውቋል። ነገር ግን ዕድር ማለት ገንዘብ ብቻ ቢሆን ኖሮ የኢንሹራንስ ኩባንያ ከዕድር በተሻለ ይሠራው ነበር። የኢንሹራንስ ኩባንያ ገንዘብ ይሰጣል፤ ድንኳን አይተክልም፤ ሬሳ አይሸከምም፤ ሦስት ቀን አብሮ አይቀመጥም። ዕድር ለአባሉ ዋስ የሚሆነው በገንዘብ ሳይሆን በሰው ነው። የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው ሲባል የተነገረው ይኸው ነው። የስልኩ መስመር ገንዘቡን አድርሶ ሰውየውን ካላደረሰ፣ ዕድሩ በስሙ አለ እንጂ በግብሩ የለም።

የስብሰባውን መቅረት የሚደግፉ ወጣቶች የሚሉትም መደመጥ ያለበት ነው። «ሥራችን ሩቅ ነው፤ ትራንስፖርቱ አድካሚ ነው፤ እሑድ የምናርፍባት አንዲት ቀን ናት፤ ስብሰባውም ግማሽ ቀን የሚፈጀው በማይረባ ክርክር ነው» ይላሉ። እውነት ነው። አንድ ሰዓት የሚበቃውን ጉዳይ አራት ሰዓት የሚያስኬድ ዳኛ ሞልቷል። በኮንዶሚኒየም የሚኖረው ሰው ደግሞ ከነባር ሠፈሩ ተነሥቶ የመጣ ስለ ሆነ፣ በአንድ ደረጃ እየወጣና እየወረደ የጎረቤቱን ስም የማያውቅ ብዙ ነው፤ ለእንዲህ ያለው ሰው በቴሌግራም መተዋወቁ እንኳ አንድ እርምጃ ነው። ነገር ግን ስብሰባው ከረዘመ መፍትሔው ማሳጠር እንጂ ማጥፋት አይደለም። በስብሰባው ላይ የሚሠራው ሥራ አጀንዳው ብቻ አይደለምና። ማን እንደ ከሳ፣ ማን እንዳልመጣ፣ የማን ልጅ ሥራ እንደ ፈታ የሚታወቀው እዚያ ነው። ይህን ማንም በቴሌግራም አይጽፈውም፤ ሰው ችግሩን አይቶ ለሚጠይቀው ይናገራል እንጂ ለሁለት መቶ ሰው አያስነብብም።

ሌላው ሊታሰብበት የሚገባ ጉዳይ የመታመን ጉዳይ ነው። የዕድሩን ገንዘብ ያዥ ቤቱን እናውቀዋለን፤ ሚስቱን እናውቃታለን፤ ቢያጎድል ጎረቤት ፊት የሚቆምበት ገጽ የለውም። በስልክ «ለሕክምና ርዱኝ» የሚለውን ሰው ግን በፎቶግራፍ ብቻ ነው የምናየው። ፎቶግራፉም የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። በሐሰተኛ ልመና አንድ ጊዜ የተታለለ ሰው ለእውነተኛው ችግረኛ እጁን ያጥፋል፤ የሐሰተኛው ጉዳት ከሰረቀው ገንዘብ ይልቅ በዚህ ይከፋል።

የውጭ አገር ምሳሌ ብንፈልግ የእንግሊዙ ካፕቴን ቶም ሙር አለ። እኚህ ሽማግሌ የሁለተኛው ዓለም ጦርነት ዘማች ነበሩ። 100ኛ ዓመታቸውን ሊደፍኑ ጥቂት ሲቀራቸው፣ በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. በምርኩዝ ተደግፈው የግቢያቸውን አትክልት ቦታ መቶ ጊዜ በመመላለስ ለአገራቸው የሕዝብ ጤና አገልግሎት በጎ አድራጎት ገንዘብ እንዲዋጣ ጠየቁ። ያሰቡት 1,000 ፓውንድ ነበር፤ በኢንተርኔት የተሰበሰበው ከ32 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ሆነ። ያ ገንዘብ ለታሰበለት ዓላማ ደረሰ። በኋላ ግን በስማቸው ሌላ በጎ አድራጎት ድርጅት ተቋቋመ። የአገሩ የበጎ አድራጎት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በኅዳር 2017 ዓ.ም. ባወጣው የምርመራ ሪፖርት፣ የቤተ ሰባቸው አባሎች ከዚህ ድርጅት ጋር በተያያዘ የግል ጥቅም ማግኘታቸውን ገለጠ። ሽማግሌው በ2013 ዓ.ም. ስላረፉ ይህን አላዩም። የሕዝብ ፍቅር ገንዘብን በአንድ ሳምንት ይሰበስባል፤ ጠባቂ ካላቆሙለት ግን ፍቅሩ ራሱ ለጥፋት መጋረጃ ይሆናል። በዚያ አገር ነገሩ የተገለጠው ሒሳብ የሚመረምር መሥሪያ ቤት በመኖሩ ነው።

በእኛም አገር በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 ማኅበራት ገንዘብ እንዲያሰባስቡ በሰፊው ሲፈቅድላቸው፣ ለባለሥልጣኑ መሥሪያ ቤት የሥራና የሒሳብ ሪፖርት እንዲያቀርቡ ያዛል። ዕድርንና ዕቁብን የመሰሉ ባህላዊ ተቋማት ግን ይህ አዋጅ አይመለከታቸውም። ለረዥም ዘመን ይህ ጉዳት አልነበረውም፤ ምክንያቱም የዕድር ኦዲተር ስብሰባው ራሱ ነበር። ጸሐፊው መዝገቡን ጮክ ብሎ ያነባል፤ የተጠራጠረ ተነሥቶ ይጠይቃል፤ ይከራከራሉ፤ ይታረቃሉ። እንግዲህ ስብሰባው ሲቀር ከማኅበራዊ ኑሮው ጋር ቁጥጥሩም አብሮ እንደሚቀር ልብ እንበል። ገንዘቡን ወደ ስልክ አዛውሮ ጠያቂውን በቤቱ የሚያስቀር አሠራር ለታማኙ ገንዘብ ያዥም ቢሆን አደገኛ ነው፤ ያልሠራው ሁሉ ሊታማበት ይችላልና።

ነቅፎ ብቻ መሄድ ቀላል ስለ ሆነ፣ በበኩሌ ይበጃል የምለውን አሳብ ላቅርብ።

በመጀመሪያ፣ መዋጮ በስልክ መከፈሉ መልካም ነው፤ ይቀጥል። ነገር ግን በእጁ ለሚከፍለው ሰው ጠረጴዛውና መዝገቡ አይነሣ። በእጁ የሚከፍለው ሰው ብዙውን ጊዜ ሊጎበኝ የሚገባው ሰው ነው፤ ለመክፈል መምጣቱ ራሱ ደህንነቱን ያስታውቃል፤ ሲቀርም መቅረቱ ይጠይቃል።

ሁለተኛ፣ የሞት መርዶ በቴሌግራም ቢነገርም ጥሩምባው አይቅር። ጥሩምባ ነፊ ከጠፋ ወይም ከተማው ለድምፅ የማይመች ከሆነ፣ ስልክ ያላቸው አባሎች እያንዳንዳቸው አንድ ስልክ የሌለው ወይም ማንበብ የማይችል ጎረቤት በስም ይመደብላቸው። መልእክቱ ሲደርሰው በር አንኳኩቶ መንገር የእርሱ ግዴታ ይሁን፤ ያልተናገረም በደንቡ መሠረት ይቀጣ። ከልቅሶ የቀረ አባል የሚቀጣ ዕድር፣ ጎረቤቱን ያላረዳ አባል ለመቅጣት ሥልጣን አያንሰውም።

ሦስተኛ፣ ስብሰባው በየወሩ መሆኑ ከከበደ በሦስት ወር አንድ ጊዜ ይሁን፤ ከሁለት ሰዓትም አይለፍ። በዚያ ቀን ግን ሒሳቡ በቃል ይነበብ፤ በወረቀትም ይለጠፍ፤ በስልክም ይላክ። በስልክ ከሕዝብ ገንዘብ የሚሰበስቡ ግለሰቦችም ስንት እንደ ተሰበሰበ ብቻ ሳይሆን ስንቱ በምን ላይ እንደ ዋለ ከነደረሰኙ ሊያሳዩ ይገባል። ሰጪው ይህን መጠየቁ ክፋት አይደለም።

አራተኛ፣ የተረጂው ክብር ይጠበቅ። በወረርሽኙ ጊዜ ማዕድ ማጋራት የሚያስመሰግን ሥራ ነበር። ነገር ግን አንዲት እናት አምስት ኪሎ ዱቄት ስትቀበል ፎቶግራፏን አንሥቶ ለሕዝብ መበተን፣ ዱቄቱ ካለቀ በኋላ ሐፍረቱ እንዲቀር ማድረግ ነው። ድንኳን የሚተክልልን ጎረቤት ፎቶግራፍ አንሥቶን አያውቅም። ስሟና ፊቷ የሚታየው ፈቃዷ ተጠይቆ እሺ ስትል ብቻ ይሁን።

አምስተኛውና የመጨረሻው ለእኛ ለወጣቶቹ ነው። ለብዙዎቻችን ስልክ ማለት የራሳችን መዝናኛ ነው። በየዕድሩ ሁለት ሦስት ወጣቶች መዝገቡን በሥርዓት በስልክ ለማስፈር፣ ለሽማግሌዎቹም አከፋፈሉን በትዕግሥት ለማሳየት ቢሰለፉ፣ የሚጠፋባቸው በወር አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። በዚያው እግረ መንገዳቸው ድንኳን እንዴት እንደሚተከልም ቢማሩ አይከፋም። ድንኳን ተካዮቹ አርጅተዋልና፣ ነገ ገንዘቡ በሒሳብ ውስጥ ተቀምጦ ገመዱን የሚወጥር ሰው እንዳይታጣ ያሰጋል።

ወረርሽኝ ያለፈው ነው ተብሎ የሚረሳ ነገር አይደለም፤ የኅዳር በሽታን ያዩ አባቶቻችንም ይመለሳል ብለው አላሰቡም ነበር። በሚቀጥለው ጊዜ በራችንን መዝጋት ቢያስፈልገን፣ የሚጠቅመን ስልካችን ብቻ ሳይሆን በዝርዝሩ ላይ የተጻፈውን ሰው በፊቱና በቤቱ ማወቃችን ነው። ይህ ዕውቀት ደግሞ በችግር ቀን አይገኝም፤ በደህናው ቀን በየልቅሶውና በየስብሰባው የሚጠራቀም ነው። ስለዚህ ገንዘባችንን በስልክ እንላክ፤ በእግራችን ግን እንሂድ። ዛሬ እሑድ ነውና፣ ጥሩምባ ሳይነፋ፣ መልእክትም ሳይመጣ፣ ስልክ የሌለውን ጎረቤታችንን ደጃፍ ገርበብ አድርገን «እንደምን ዋላችሁ» ለማለት ከዚህ የሚሻል ቀን የለም።